ሳይተረጎም የቀረው

«ይሄን ግን እንዳትተረጉሚላቸው፤ ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ በበሩ ፍርግርግ በኩል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው።

የአፈጉባኤ እጆች አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ጀርባዋን ለብረት በሩ ሰጥታ ነው የቆመችው። ከፊቷ ሁለት መቶ የሚሆኑ ተማሪዎች ግቢውን ሞልተው ዓይናቸውን እጇ ላይ ተክለዋል። ከኋላዋ፣ ከበሩ ውጭ፣ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሰብሳቢ መኪናቸውን አቁመው ቆመዋል። ሰብሳቢዋ የሚሉትን እሷ በምልክት ቋንቋ ለተማሪዎቹ ትናገራለች፤ ተማሪዎቹ በምልክት የሚሉትን ደግሞ በድምፅ ለሰብሳቢዋ ትመልሳለች። እስካሁን ነገሩ ጥሩ ሄዶላት ነበር። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮርታ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ በሁለት መቶ ሰው ፊት መቆም ቀላል ነገር ነው እንዴ?

አፈጉባኤ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የቤት ቀልድ ነው። ታላቅ ወንድሟ መስማት አይችልም። እናቷ ከምልክት ቋንቋ የምታውቀው «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ተጠንቀቅ» እና እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ የማይሞላ ቃል ነው። ስለዚህ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በሱቁም፣ በሐኪም ቤቱም፣ በየቢሮውም በወንድሟ ፈንታ የምትናገረው እሷ ናት። «አፈጉባኤያችን ካልመጣች ስብሰባው አይጀመርም» እያለች እናቷ ስትቀልድ ስሙ ተጣብቆ ቀረ።

ዛሬ የመጣችው ለማስተርጎም አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ የላከችውን የታጠበ ልብስ በፌስታል ይዛ ለወንድሟ ልታደርስ ነው የመጣችው። ተማሪዎቹ በሩን በሰንሰለት ከዘጉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ዩኒቨርሲቲው መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት ነው። አዲስ ፕሬዝዳንት ሲፈለግ ከዕጩዎቹ አንዷ እዚያው ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩ፣ ራሳቸውም መስማት የተሳናቸው ፕሮፌሰር ነበሩ። ቦርዱ እሳቸውን ትቶ አንድ የሚሰሙ ሰውዬ ሾመ። ሰውየው በምልክት «ደህና ዋላችሁ» ማለት እንኳ አያውቁም። ወንድሟ ነገሩን ሲነግራት፣ «ዋና የማይችል ሰው የዋናተኞች አሰልጣኝ ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ስቆ ነበር። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ሁለት አስተርጓሚዎች ከተማሪ ተወካዮች ጋር አቤቱታ ይዘው ወደ ሚኒስቴር ሄደው ነበር። ሰብሳቢዋ የመጡት ያኔ ነው። መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች ሊያነጋግሩ መጥተው አስተርጓሚ አልያዙም። የተማሪዎቹ መሪ፣ ሁሉም «ረጅሟ» የሚሏት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ይህን ስታይ እጇን ዘርግታ «ይኸው! እኛ ከዚህ በላይ ምን እንበል?» አለች። ከዚያ የአፈጉባኤን ባለመስመር የዩኒፎርም ሹራብ አየችና የራሷን ጥቁር ጃኬት አውልቃ አለበሰቻት። እጅ በደንብ የሚታየው ከኋላው አንድ ቀለም ብቻ ሲኖር ነው።

«ወንድምሽ ነው አይደል፣ ያ ባለሰማያዊ ሸሚዙ?» አሉ ሰብሳቢዋ ከኋላዋ። ድምፃቸው የሚጣፍጥ፣ ለስለስ ያለ ነው። «ጎበዝ ልጅ ነው ይላሉ። አንድ ዓመት ነው የቀረው። ነገ ጠዋት አምስት ተማሪዎች የሚባረሩበት ደብዳቤ ይፈረማል፤ የሱ ስም ሁለተኛው ላይ ነው። ያሳዝናል።»

የአፈጉባኤ እጆች ወደ ታች ወረዱ።

«አንቺ የምትሰሚ ልጅ ነሽ፤ ነገሩ ይገባሻል። ደንቆሮ ደንቆሮን ቢመራ ሁለቱም ገደል ነው። ስልክ ሲጮህ ማን ያነሳል? ከሚኒስትሩ ጋር ማን ይነጋገራል? እንግዲህ አንቺ ብልጥ ሁኚ። ቦርዱ ነገ ተሰብስቦ ምርጫውን እንደገና ያየዋል በያቸው። በሩን ይክፈቱ። እኔ ደግሞ የወንድምሽን ስም ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ።»

«እውነት እንደገና ያዩታል?» አለች አፈጉባኤ ፊቷን ሳታዞር።

«አንቺ ብቻ በያቸው፣ የኔ ልጅ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ስለዚህ አላየሁም፣ አልሰማሁም ልትል አትችልም። ውሸት መሆኑን በደንብ አውቃለች። ደግሞ ሕጉንም ታውቃለች፤ የአስተርጓሚዎቹ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስንት ጊዜ አንብባዋለች። በቦታው የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል፤ ስድብም ይሁን ምርቃት፣ ሌላው ቀርቶ የስልክ ጥሪና ሳል። «አትተርጉሚ» የተባለው ራሱ ይተረጎማል። ጆሮዋ ላይ የቀረው ግን ሕጉ ሳይሆን የእናቷ ድምፅ ነው። ጠዋት ልብሱን ስትሰጣት ክንዷን ጨብጣ፣ «ምንም ብለሽ ብቻ ልጄን ከዚያ ጣጣ አውጪልኝ» ብላት ነበር።

«ምን አለች? ብዙ ተናገረች እኮ» አለች ረጅሟ በምልክት።

አፈጉባኤ እጆቿን አነሳች። «ቦርዱ ነገ ይሰበሰባል። ምርጫውን እንደገና ያየዋል። በሩን ክፈቱልን ነው የሚሉት።»

«ይሄን ለማለት ነው ይሄ ሁሉ ጊዜ?»

«ሰላምታም ነበረበት» አለች አፈጉባኤ።

ወይ ሰላምታ! ረጅሟ ዓይኗን አጠበበች። በዚህ ጊዜ ወንድሟ ከመሀል ወጥቶ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዞረ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» እያለች ነው የምትጠራው፤ እሱ ባይሰማትም። «እህቴ ናት» አለ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲያዩት። «ከስድስት ዓመቷ ጀምራ ጆሮዬ ናት። አንድ ቀን አሳስታኝ አታውቅም። እኔ በሩ ይከፈት ባይ ነኝ።»

ድምፅ ተሰጠ። ከግማሽ በላይ እጅ ተነሳ። ሰንሰለቱ ሲፈታ ሁለት መቶ ተማሪ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጣቶቹን እያርገበገበ በነሱ ቋንቋ አጨበጨበ። ወንድም ጋሼ አቅፎ ከመሬት አነሳት። እሷም ሳቀች። ዓይኗን ግን ከረጅሟ አሸሸች።

*

እናቷ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው። አፈጉባኤ ስትደርስ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳትል፣ «እህስ?» አለች።

አፈጉባኤ ሁሉንም ነገረቻት። አንዱንም አላስቀረችም። «ተይ እንዲህ አይደረግም» ትለኛለች ብላ ነበር። ቢያንስ እንድትቆጣት ፈልጋ ነበር።

እናቷ የመኪናውን ፔዳል አቁማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «እሰይ! እሰይ የኔ አፈጉባኤ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

«እማዬ፣ ዋሸኋቸው እኮ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሽ? ልጄ ሊባረር ነበር፤ አልተባረረም። በቃ። ያልሰማው ነገር አይጎዳውም። ስንቱን ነገር አስቀርተንለት ነው እዚህ የደረሰው?»

«አስቀርተንለት» ያለችው እናቷ ናት፤ ያስቀረችው ግን አፈጉባኤ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና አንዲት ጎረቤት «ምስኪን፣ እግዜር ቢወስደው ይሻለው ነበር» ስትል «ጎረምሳ ሆነሃል እያለችህ ነው» ብላ ተርጉማለች። ሐኪሙ ወንድሟን ሳያየው ለእናቷ ብቻ ሲያወራ «ደህና ነህ ብሏል» ብላለች። ያኔ ክፋት አልመሰላትም። አዝናለት ነው። አንጀቷ ስለማይችል ነው።

ያን ምሽት የቀረበላትን ምግብ እንደቀረበ ተወችው። «የደስታ ነው» አለች እናቷ፣ ሳህኑን እያነሳች።

*

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ወንድም ጋሼ በቪዲዮ ነው የደወለው። በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ በሌላው እጁ ብቻ ስለሚናገር ግማሹ ቃል ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው። አፈጉባኤ ከጓደኞቿ ተነጥላ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄደች።

«ዋሹን!» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱን ሰውዬ በጥበቃ አጅበው አስገቡት። በሩ ክፍት ነበራ! ቦርዱ ምንም ስብሰባ የለውም። ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ ‹ውሳኔው የመጨረሻ ነው› ይላል።»

አፈጉባኤ በአንድ እጇ «ውይ» አለች።

«አይዞሽ፣ አንቺንም ነው የዋሹሽ» አለ ወንድሟ። «ትንሽ ልጅ ፊት ቆመው ሲዋሹ ትንሽ አያፍሩም?»

እሷ አፈረች። ፊቷ ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ጋለ። ስልኩን አዙራ ፊቷን እንዳያያት አደረገች፤ ጸሐይ ነው አለችው።

«አራት ሰው ተባርሯል» አለ ቀጥሎ። «ረጅሟም አለችበት። እኔ ግን የለሁበትም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ለምን እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ናት። ሰብሳቢዋ ሌላውን ሁሉ ዋሽተው ይቺን አንዷን ቃላቸውን ግን ጠብቀው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ፈተና ነበራት። ወረቀቱ ላይ ስሟን ጽፋ ሌላውን እንዳለ መለሰችው። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ «ምን ሆነሻል? ደብሮሻል እንዴ?» አለቻት። «ምንም» አለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የማን ውሸት እንደሆነ እንጃ፤ የእሷ አንድ ሌሊት አድሮ ብቻ አላስነሳ አላት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ የለም፣ መልእክት የለም፣ ማንም አልላካትም። ዝም ብላ ሄደች።

ተማሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበዋል። መድረኩ አጠገብ የቆመ ልጅ የመብራቱን ማብሪያ ሁለት ጊዜ አጠፋ፣ አበራ። አዳራሹ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት እጆች ሁሉ አንድ ላይ ረጉ። እዚያ ቤት መናገር የፈለገ ሰው እንዲህ ነው ዕድል የሚጠይቀው። መጨረሻው ረድፍ ላይ ካሜራ ያነገቡ ሁለት ጋዜጠኞች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አፈጉባኤ በሩ አጠገብ ከመጋረጃው ጎን ተለጠፈች።

መድረኩ ላይ ወንድሟ ነበር። ፊት ለፊቱ አንድ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ቆሟል፤ እሱም ከተባረሩት አራቱ አንዱ ነው።

«በሩ ይከፈት ያልከው አንተ» አለ ባለኮፍያው። እጁን ሲሰነዝር አየሩን የሚቆርጥ ይመስላል። «አስተርጓሚዋ ያንተ እህት። ከአምስታችን ኮሚቴ አራታችን ተባረርን፤ አንተ ቀረህ። እኔ ሞኝ ነኝ? ምን ብለውህ ነው የተስማማኸው?»

«በእናቴ ሞት፣ ምንም አላሉኝም!»

«ታዲያ ስምህን ማን አወጣው? ንፋስ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወንድም ጋሼ ወደ ረጅሟ ዞረ። ረጅሟ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላለች። አንድም ጣት አላነሳችም። አፈጉባኤ ያን ዝምታ ከስድቡ በላይ ፈራችው።

ወንድሟ ከመድረኩ ወርዶ በጎን በር ወጣ። ተከተለችው። ከአዳራሹ ጀርባ ወደ መጋዘን የሚወርድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ እዚያ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቅዳሜ ማጠብ የለብሽም እንዴ?»

ፊቱ ቆመች። እጆቿን አነሳች፣ መልሳ አወረደች። እንደገና አነሳች።

«አልዋሹኝም» አለች።

«እነማን?»

«ሴትዮዋ። እኔን አልዋሹኝም። እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ።»

ወንድም ጋሼ ግንባሩን ቋጠረ። አልገባውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ነገረችው፤ ደብዳቤውን፣ ዝርዝሩን፣ «አንቺ ብቻ በያቸው» የተባለችውን። ስትናገር ዓይኑን ማየት ስላልቻለች የሸሚዙን ቁልፍ ነበር የምታየው።

«ቃል በቃል» አለ። «ያለችውን እንዳለ አምጪው።»

«ወንድም ጋሼ…»

«ቃል በቃል።»

«ደንቆሮ» ለማለት የሚሠራ ምልክት አለ። አፈጉባኤ ታውቀዋለች፤ በመንገድ ላይ ልጆች ለማሾፍ ሲሠሩት አይታለች። በእሷ እጅ ግን፣ በሕይወቷ አንድም ቀን፣ ሠርታው አታውቅም። አሁን ሠራችው። ሁለት ጊዜ፣ ሰብሳቢዋ ሁለት ጊዜ ስላሉት። ገደሉንም፣ ስልኩንም ጨመረችበት። ስትጨርስ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች።

ጩኸት ጠብቃ ነበር። ወንድሟ ግን ትከሻውን ነቀነቀ።

«ይሄን ቃል አላውቀውም ብለሽ ነው? ከከንፈር ላይ ለማንበብ እንደሱ የሚቀል ቃል እኮ የለም። አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የለየሁት።» ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ከዚህ በፊትስ?» አለ።

«ምን ከዚህ በፊት?»

«ከዚህ በፊት ምን ምን አስቀርተሻል?»

እንደገና ወደ ሸሚዙ ቁልፍ አየች። ለእሱ ይኸው በቂ መልስ ነበር።

«ማተሚያ ቤቱ» አለ በመጨረሻ።

አፈጉባኤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ወንድሟ ለኅትመት ፊደልና ገጽ ማቀናበር ተምሮ፣ የሠራውን በፎልደር ይዞ፣ እሷን አስከትሎ ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ሊጠይቅ ሄደ። ባለቤቱ ሥራዎቹን አገላብጦ እንኳ አላያቸውም። «የማይሰማ ሰው አልቀጥርም። ማሽን ሲጮህ ማን ይነግረዋል? ደግሞም ደንበኛ ይሸሽብኛል» አላት። እሷም ለወንድሟ ዞራ፣ «አሁን ክፍት ቦታ የለም፤ ሌላ ጊዜ ብቅ በል ብለዋል» አለችው። እሱም አመናት። ብቅ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ መጀመሪያ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ያንኑ ፎልደር ይዞ፣ ብቻውን ብቅ አለ። እሷ ከመስኮት ሆና ሲሄድ ታየው ነበር። አንድ ቀን «ተው፣ አትሂድ» አላለችውም። ከዚያ ይልቅ ሸሚዙን ትተኩስለት ነበር።

«እውነት ክፍት ቦታ የለም ነው ያሉት?» አለ።

«አይደለም» አለች።

«አሥራ ሁለት ጊዜ ሄድኩ» አለ። «በር ላይ ያለው ዘበኛ እያየኝ ይስቅ ነበር። ለምን እንደሚስቅ አልገባኝም ነበር። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።»

«አዝኜልህ ነው! ሆድህ እንዳይባባ ብዬ ነው!» እንባዋ መጣ። «ትንሽ ነበርኩ እኮ!»

«ሐሙስ ዕለትስ ትንሽ ነበርሽ?» አለ። እጆቹ ቀስ ብለው ነው የሚንቀሳቀሱት፤ እንደ ደከመው ሰው። «እኔ ጅሉ ሰብሳቢዋን እቃወማለሁ ብዬ ሦስት ቀን ብርድ ላይ አደርኩ። ለካ ቤቴም ውስጥ አንዲት ሰብሳቢ ነበረችኝ። ምን መስማት እንዳለብኝ የምትወስንልኝ።»

አፈጉባኤ ክንዱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እሱ ዓይኑን ከእጇ ላይ አንስቶ ወደ ግድግዳው አዞረ። ለሚሰማ ሰው ጆሮውን በሁለት እጁ መድፈን ማለት ነው። በሕይወቷ ወንድሟ እንዲህ አድርጓት አያውቅም። ፊት ለፊቱ ሄዳ «ይቅርታ» አለች፤ ዓይኑን ጨፈነ። እንግዲህ የተጨፈነ ዓይን ፊት ቆማ ምን ትበል? ቆማ አለቀሰች።

ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ሂጂ ወደ ቤት» አለ።

«እነሱስ? ስለ አንተ የሚሉትስ?»

«ይበሉ። እኔ ምንም አልነግራቸውም። አንቺን ለሁለት መቶ ሰው አሳልፌ አልሰጥም፤ ልጅ ነሽ።» ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። «ዛሬ ከኮሚቴው እወጣለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ እመጣለሁ በያት እናቴን። እሷስ ደስ ይላታል።»

እና ደረጃውን ወጥቶ ወደ ማደሪያው አቅጣጫ ሄደ። ወደ ኋላ አልዞረም፤ ብትጠራውም አይሰማትም።

አፈጉባኤ ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች። መውጫው በስተግራ ነው፤ አውቶቡሱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ቤት ትገባለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ወንድሟ ሁሉንም ተሸክሞላት ሄዷል። ሰዎቹ ከሃዲ ይሉታል፣ እሱም ዝም ይላል፣ እሷም ዝም ትላለች። ነገ ደግሞ ሱቅ አብረው ሄደው «ምን አለ?» ይላት ይሆናል። ወይም አይላትም። ከእንግዲህ የምትነግረውን ሁሉ እውነት ይሁን ውሸት በምን ያውቃል?

ይሄን ስታስብ እግሯ ወደ አውቶቡሱ እንቢ አላት።

አዳራሹ ገና አልተበተነም። ባለኮፍያው መድረክ ላይ ሆኖ «አዲስ ተወካይ እንምረጥ» እያለ ነው። አፈጉባኤ በወንበሮቹ መሀል አለፈች። ሰዎች አወቋት፤ አንዳንዱ በክርኑ ጎረቤቱን ነካ። ማብሪያው አጠገብ የቆመው ልጅ እጁን ዘርግቶ ከለከላት። በእጁ ሥር አልፋ አጠፋችው፣ አበራችው። እንደገና አጠፋችው፣ አበራችው።

እጆቹ ሁሉ ረጉ። ሁለት መቶ ፊት ወደ እሷ ዞረ።

መድረኩ ላይ ወጣች። ባለመስመር ሹራቧን አውልቃ ወለሉ ላይ ጣለችው፤ ከውስጥ ያለው ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ለእጅ ይሻላል። ካሜራ የያዘው ጋዜጠኛ ከኋላ መጥቶ ፊት ቆመ።

«አንቺ ነሽ አይደል ሐሙስ ያስተረጎምሽው? መስማት ትችያለሽ አሉ» አለ ጮክ ብሎ። «በድምፅ ተናገሪልን እባክሽ፤ እኛም እንድንሰማ። ካስፈለገ ለእነሱ በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ።»

አፈጉባኤ ወደ ጋዜጠኛው አየች። ሐሙስ ዕለት ቢሆን ኖሮ አፏ ይቀድም ነበር። አሁን መዳፏን ቀጥ አድርጋ ቆይ አለችውና ፊቷን ወደ ረጅሟ አዞረች። ረጅሟ ተነስታ ቆመች።

«ሐሙስ ዕለት ሴትዮዋ ያሉትን አልነገርኳችሁም» አለች በምልክት። «ሰላምታ አልነበረበትም። ወንድሜ የሚያውቀው ነገር የለም። ያሉትን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በእኔ ላይ የፈለጋችሁትን ወስኑ።»

«ምን እያለች ነው?» ይላል ጋዜጠኛው። «አስተርጓሚ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ማንም አልመለሰለትም። አፈጉባኤ እጆቿን አንስታ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።